የዝንጀሮ ወንበር ሲስተካከል

አያ ቢሻውን በዐይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም፤ የማያውቀው ሰው ደግሞ የለም። ሰርግ ላይም ሆነ ተዝካር ላይ ስሙ ሲነሣ አንዱ ረጅም ነበር ይላል፣ ሌላው የለም አጭር ነበር ብሎ ይሟገታል። ቀይ ነበር፣ ጠይም ነበር ተባብለው የተኳረፉም አሉ። በሁለት ነገር ግን ወሬ አቀባዮች ሁሉ ይስማማሉ። አንደኛ፣ አፉ ከዶማው የፈጠነ ነበር። ሁለተኛ፣ ሚስቱን አንጓችን ይወድ ነበር። የቀረውን ጨማሪው ጨምሮ፣ ቀናሹ ቀንሶ እዚህ አድርሶታል። እኛም የድርሻችንን ሳናክልበት አናልፍም።

ኮረብታው የዝንጀሮ ወንበር ይባላል። ከታች ሆነው ሲያዩት ሹል ነው፤ ላዩ ወጥተው ሲያዩት ደግሞ የባሰ ሹል ነው። ጫፉ ላይ ከአያ ቢሻው ጎጆና ከአጥሩ በቀር ምንም አልነበረም። አንጓች በልጅነቷ ዐይኗ የጠፋ ሴት ናት። ባሏን አንድም ቀን አይታው አታውቅም፤ ሰፈርተኛው “ለዚህ እኮ ነው የወደደችው” እያለ ይቀልድ ነበር። ጎጆዋ ውስጥ ግን ከዐይናማ ትበልጣለች። ምሰሶውን በክንዷ፣ ምድጃውን በሙቀቱ፣ ደጁን በነፋሱ፣ የምንጩን መንገድ በእግሯ ታውቀዋለች። ሰው ቤት ለክርስትና ሲጠሯት ግን ባሏ እጇን የለቀቀ እንደሆነ መሀል ቤት ላይ እጇን ዘርግታ ትቆማለች። አያ ቢሻው ጌታም ጅብም አይፈራም ይባላል፤ ውሸት ነው። ሚስቱ በማታውቀው ቤት መሀል እጇን ዘርግታ ስትቆም ማየት ይፈራ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያደረገውም ስለዚህ ነው።

፩

የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ይግዛው፣ የወዲያ ማዶው ገዥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አዳራሽ ሠራ የሚል ወሬ ሰሙና እህል አልዋጥ አላቸው። ከዚያ በላይ ከፍ ያለ ቦታ ቢያስፈልጉ የተገኘው የዝንጀሮ ወንበር ብቻ ሆነ። “ከርሞ ለፋሲካ ጌታችን ደጃዝማች ውብነህ አገር ሊጎበኙ ሲመጡ፣ አዳራሼን ቀና ብለው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ” አሉ። አሽከሮቻቸውን አስከትለው፣ በበቅሎ እየተንፏቀቁ ጫፉ ላይ ወጡ። ከጎጆው ደጅ አያ ቢሻው ቆሞ ነበር።

“አንተ፣ ይህ ጎጆ በእኔ ኮረብታ ላይ ምን ይሠራል?” አሉት።

«ጌታዬ፣ ኮረብታው የእርስዎ መሆኑን እኔም ኮረብታውም ዛሬ መስማታችን ነው።»

አሽከሮቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ቀበሩት። ፊታውራሪ ሊያስገርፉት ፈለጉ፤ ግን በቀልድ የተቆጣ ጌታ ቀልዱን ራሱ አገር ለአገር ያዞረዋል። ስለዚህ ደግ መስለው መታየቱን መረጡ። “ደጃዝማች ውብነህ ይሙቱ” ብለው ማሉ፤ “መሬቱ ተስተካክሎ ለመሠረት እስኪሰናዳ ድረስ ጎጆህን የሚነካ የለም። የተሰናዳ ለት ግን ሚስትህን ይዘህ ትወርዳለህ።” በዚያ ዘመን በጌታው ሞት ምሎ መሐላውን ያፈረሰ ሰው፣ ጌታው ላይ ጦር ከሰበቀ ሰው አይለይም ነበር። ፊታውራሪ ግን አልሰጉም፤ አንድ ኮረብታ ማስተካከል ሁለት ገበያ፣ ማለትም ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ሥራ መስሏቸዋል።

ማምሻውን አንጓች “ምን አሉ?” ብላ ጠየቀችው።

“መሬቱ እስኪስተካከል ቆዩ አሉ።”

“መቼ ይስተካከላል?”

«አይ አንጓች፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ ነገር ነው።»

እሷ ግን አልሳቀችም። ምሰሶውን እንደ ልጅ ራስ ስትዳብስ አመሸች።

፪

ፊታውራሪ “ዝንጀሮ ወንበር ላይ ተቀመጠ ልባል ነው እንዴ?” ብለው ተጨነቁና አዋጅ አስነገሩ። ሕዝቡ ከኮረብታው ግርጌ ተሰበሰበ፤ ነጋሪት ተጎሰመ። ዝንጀሮዎቹም እንደ ልማዳቸው ከገደሉ ወጥተው በየድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ጀመር። አዋጅ ነጋሪው ድምፁን አንስቶ “ከዛሬ ጀምሮ ይህ ኮረብታ የክብር አምባ ይባላል፤ የዝንጀሮ ወንበር ብሎ የጠራው ሁሉ ይገረፋል” አለ። ከዚያም “ያልገባው ካለ ይጠይቅ” ሲል ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

«አዋጁስ ደግ ነው፤ ለዝንጀሮዎቹ የነገራቸው አለ?»

፫

የፊታውራሪ አዛዥ ገላው የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ጌታቸው ሲያስነጥሱ እሳቸው ይታመማሉ። አያ ቢሻውን መሐላ ሳይፈርስ ለማስወጣት አንድ ዘዴ አሰቡ። ደብተራ ምናሴን ጠርተው፣ መሬቱ ለቤት መስማማት አለመስማማቱን እይልኝ አሉት፤ ምን ማየት እንዳለበትም አስቀድመው በጆሮው ነገሩት።

ደብተራ ምናሴ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ገብስ በተነ፣ ዐፈር አሸተተ፣ አንድ ድንጋይም አንስቶ ላሰ። ፊታውራሪና ሕዝቡ ትንፋሻቸውን ይዘው ይመለከቱታል። በመጨረሻ ወደ ጎጆው በጣቱ እያመለከተ “ከዚህ ሥር ጋኔን ተኝቷል” አለ። “የሴትዮዋን ዐይን የበላው እሱ ነው። ዛሬውኑ ካልወጡ የባልየውንም ይበላል።”

አያ ቢሻው ያን ጊዜ ፊቱ ጠቆረ ይላሉ። በሱ ቢመጡበት ያስቃቸው ነበር፤ በእሷ ሲመጡ ግን ደሙ ፈላ። አፉን ሳይከፍት አንጓች ከውስጥ ቀደመችው።

“ደብተራ፣ ዐይኔን የወሰደው ፈንጣጣ ነው። ያኔ ይህ ጎጆ ገና ሣር ነበር።”

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ደብተራው ግን “ጋኔን እኮ አስቀድሞ ይልካል” ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። አያ ቢሻው ወደ እሱ አልዞረም፤ ወደ ፊታውራሪ ዞረ እንጂ።

«ደብተራ ልክ ነው እንበል። ጋኔኑ ለእኛ ጎረቤት ነው፤ ለእርስዎ ግን መሠረት ሊሆን ነው።»

ፊታውራሪ ጦር የማይፈሩ ሰው ነበሩ፤ ጋኔን ግን እንደ ማንም ሰው ይፈራሉ። ከየደብሩ ካህናት አስጠርተው ኮረብታውን በጠበል አስረጩት። አንዱ ደብር ሲረጭ ሌላው “የእኛ ጠበል ይበልጣል” እያለ ስለሚደግም፣ ሥራው ሳይጀመር ኮረብታው ጭቃ ሆነ። እስኪደርቅም ተጠበቀ።

፬

ሲደርቅ ከከተማ የመጣው የአናጺዎች አለቃ ወጥቶ አየውና “ጌታዬ፣ ጫፉ ሹል ነው፤ አዳራሽ ቀርቶ በርጩማ አያስቆምም። ዙሪያውን ቆርጠን ዝቅ ካላደረግነው አይሰፋም” አለ። ፊታውራሪም “ቁረጡት፤ ሰፊ ይሁን” አሉ። ለዚህም አባወራው ሁሉ ዶማውን ይዞ እንዲወጣ ታዘዘ። ስሙ ደቦ ነበር፤ የቀረ ሰው ግን ይገረፋል። አያ ቢሻውም የገዛ ደጁን ሊቆፍር ዶማውን ይዞ ወጣ።

ደቦ የጠራ ያበላል፣ ያጠጣል፤ የአገሩ ወግ ነው። አዛዥ ገላው ግን የጌታቸውን ጎተራ እንደ ገዛ ሆዳቸው የሚሳሱለት ሰው ናቸው። አንዱን ጠላ ሦስት ጊዜ በውሃ አስደግመው፣ ቀለሙ እንኳ ተሰናብቶት የሄደውን በዋንጫ አስቀዱት። ቆፋሪው ቀምሶ ወደ ዶማው ተመለሰ። አያ ቢሻው ዶማውን ከፍ ያደርጋል፣ በቀስታ ያወርዳል፣ መሬቱን ነካ አድርጎ መልሶ ያነሣል። መሬቱ ሕመምተኛ ይመስል ነበር።

አዛዥ መጥተው ከራስጌው ቆሙና “ቢሻው፣ ይህ ምን ዓይነት አቆፋፈር ነው?” አሉት።

«አዛዥ፣ የዋንጫው ሥር ሳልጠጣው ታየኝ። የመሬቱም ሥር ሳልቆፍረው ይታይ እንደሆነ እየሞከርኩ ነው።»

ያን ቀን ቆፋሪው ሁሉ እንደ አያ ቢሻው ቆፈረ። በነጋታው ጠላው ወፈረ፤ ይህን ጊዜ ደግሞ በጣም ወፍሮ ቆፋሪው ከቀትር በኋላ መዝፈን እንጂ መቆፈር አልቻለም።

፭

ከኮረብታው የወጣው ድንጋይ እየተንከባለለ የሚያርፈው ግርጌ ካለው የግራዝማች አበጀ እርሻ ላይ ነበር። ግራዝማች አበጀ ጥላቸውን እንኳ ለሰው የማያስረግጡ ንፉግ ናቸው። ዳኛ ፊት ቀርበው “እርሻዬን ድንጋይ አለበሱት፤ ይነሣልኝ” ብለው ከሰሱ። ዳኛውም ይነሣ ብለው ፈረዱ።

የፊታውራሪ ሰዎች ሊያነሡ ሲወርዱ ታዲያ የአናጺዎቹ አለቃ ድንጋዩን አየና “ይህማ ለመሠረት የሚሆን ጥሩ ድንጋይ ነው” ብሎ አፉ አመለጠው። ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አልነሣም አሉ። “እኔ መሬት ላይ ያደረ ድንጋይ የእኔ ነው። ማንም አይነካውም።” እንደገና ዳኛ ፊት ተቀረበ። ድንጋዩን ከላይ ያንከባለለው አያ ቢሻው ለምስክርነት ተጠራ።

ዳኛው ራሳቸውን እያከኩ “እስቲ አንተ ንገረን። እነዚህ ድንጋዮች የማን ናቸው?” አሉት።

«ጌታዬ፣ የወለዳቸው ኮረብታው ነው። ግራዝማች አሳደግኋቸው ካሉ ግን ስንት ስንዝር እንዳደጉ ይጠየቁልኝ።»

ዳኛው ሲስቁ ትን አላቸውና ችሎቱ ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። ግራዝማችም የድሮውን ድንጋይ አላስነሣም፣ አዲሱንም አላስጥልም ብለው እርሻው መሀል ድንኳን ተከሉ። ቆፋሪው ድንጋይ የሚጥልበት ስላጣ ዶማውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ገባ። እንዲህ እንዳለ ክረምቱ ደረሰ።

፮

ፊታውራሪ ይግዛው ተናደዱ። “ድንጋዩ ይቅር፤ ዐፈሩን አለስልሱልኝና ክረምቱ ሲወጣ በቀላሉ ይገፈፋል” አሉ። ለማለስለስ ደግሞ ከማረስ የተሻለ የለም። የአገሩ በሬ ሁሉ ወጥቶ የዝንጀሮ ወንበርን ከጎጆው አጥር እስከ ግርጌው አረሰው፤ ደግሞ አረሰው፣ ሰልሶ አረሰው። ዐፈሩ እንደ ዱቄት ሆነ። ከዚያም ዝናቡ ጣለ።

ፊታውራሪ ክረምቱን ከቤታቸው ሳይወጡ ከርመው መስከረም ሲጠባ ሊያዩት ወጡ። ኮረብታው ከጫፍ እስከ ግርጌ ጤፍ ለብሷል። ያማረ፣ የተንዠረገገ ጤፍ ነበር። ፊታውራሪ በቅሏቸውን አቁመው ጤፉን ዳር እስከ ዳር አዩ። ከዚያ ሕዝቡን ሰብስበው “አዳራሽ ልሠራበት ያሰናዳሁትን መሬት የዘራው ማን ነው?” አሉ።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። በኋላ ሲጣራ ዘሪ የተባለ አንድም ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ ገበሬ ሲያልፍ አንዲት ጭብጥ ብቻ ጣል አድርጓል። አንዱ “እጄ እንቢ አለኝ” አለ፤ ሌላው “ሰው የዘራው መስሎኝ ለማገዝ ነው” አለ። አንዳንዶች ግን የመጀመሪያዋ ጭብጥ የወጣችው ከአያ ቢሻው ቁና ነው ይላሉ። ይህንን እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ብቻ ሁሉም ዝም ባለበት የተናገረው እሱ ነው።

«ጌታዬ፣ ሦስት ጊዜ የታረሰ መሬት ከዝናብ ጋር አይቶ እጁን የሚሰበስብ ገበሬ ካለ፣ ከጤፉ በፊት እሱ ይነቀል።»

ፊታውራሪም ከሹመታቸው በፊት ገበሬ ነበሩ። የበቀለ ጤፍ መርገጥ ነውር መሆኑን እናታቸው በዱላ አስተምራቸዋለች። ስለዚህ በቅሏቸውን አዙረው፣ ጤፉን እንዳትረግጥ ልጓሙን እየሳቡ ወረዱ። ጎጆው ውስጥ አንጓች ጤፉ በነፋስ ሲንሿሿ እየሰማች “ይህ ዓመትስ አለፈ” አለች።

፯

ጤፉ ታጨደ። ቆፋሪው ተመልሶ ወጣ፤ የሚያወጣውን ከግራዝማች እርሻ በተቃራኒ ወገን እየጣለ፣ ከአያ ቢሻው አጥር በቀር ጫፉን ዙሪያውን ገፎ፣ ደልድሎ፣ ጠፍጥፎ እንደ ምጣድ አደረገው። የአናጺዎቹ አለቃ ደስ ብሎት ለጌታው ሊያስመርቅ ቀን ቆረጠ። በቀኑ ማለዳ አዛዥ ገላው ቀድመው ቢወጡ ያ ሁሉ ሜዳ በሬና ነዶ ሞልቶታል። የአገሩ ገበሬ፣ ሜዳ ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አይቶ ከዚህ የተሻለ ዐውድማ የት ይገኛል ብሎ እህሉን ሊወቃ መጥቷል። አዛዥ ቢጮሁ ገለባው አፋቸው ገባ።

ይህ ሁሉ እየሆነ ፊታውራሪ ደረሱ። የአናጺዎቹ አለቃ መሬቱን የሚፈትንበት ዘዴ ቀላል ነበር። ገበቴ ሙሉ ውሃ ሜዳው መሀል ያስቀምጣል፤ ውሃው ወደ አንድ ወገን ከፈሰሰ መሬቱ ያዘነብላል፣ ካልፈሰሰ ተስተካክሏል። ገበቴውን እስከ ከንፈሩ ሞልቶ አስቀመጠና ጌታውን ሊቀበል ሄደ። እጅ ነስቶ፣ እርካብ ይዞ፣ አውርዶ ሲመለስ ገበቴው ባዶ ነው። ነዶ ተሸክማ የመጣች አንዲት አህያ ከአጠገቡ ቆማ ከንፈሯን ትልሳለች።

ፊታውራሪ አህያዋን ልብ አላሉም። ገበቴውን ጎንበስ ብለው አይተው “ውሃው የት ሄደ? መሬቱ ወዴት ቢያዘነብል ነው?” አሉ። የአናጺዎቹ አለቃ ላብ አጠመቀው። አያ ቢሻው መንሹን ተደግፎ መለሰላቸው።

«ጌታዬ፣ መሬቱ ወደ አህያዋ ያዘነብላል።»

ውቂያው እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ፈተና አልተደረገም።

፰

ፊታውራሪ አሁን ቀልድ የሚቀበሉ ሰው አልሆኑም። ዐውድማው እንደተነሣ ሜዳውን በአሽከር አስጠብቀው፣ አህያ እንዳያልፍ ከልክለው ገበቴውን በሄዱበት ሁሉ አስቀመጡ። ውሃው አንድም ቦታ አልፈሰሰም። ዳኛውን በምስክርነት ጠርተው ከጎጆው አጥር ቆሙ።

“ቢሻው፣ መሬቱ ተሰናድቷል። እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ሚስትህን ይዘህ ውረድ።”

አንጓች ይህን ሰማች። ምሰሶውን ይዛ ቆመች። አያ ቢሻውም ከፊቷ ላይ ዐይኑን ለመንቀል ተቸገረ። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሮ “ገበቴው ሁሉም ቦታ ተቀምጧል?” አለ።

“ሁሉም ቦታ።”

“ከጎጆዬ ሥርስ?”

ዳኛው ወደ አናጺዎቹ አለቃ አዩ። አለቃው ወደ ጫማው አየ። ከጎጆው ሥር ያለው መሬት የድሮው ሹል ጫፍ ነውና አልተስተካከለም። “እንግዲያው ጎጆው ይነሣና ይስተካከል” አሉ ፊታውራሪ። ዳኛው “መሐላዎ ሳይስተካከል አይነሣም ይላል” አሉ። “ሳይነሣ እንዴት ይስተካከላል?” “ሳይስተካከልስ እንዴት ይነሣል?” ሁለቱም እየተፈራረቁ ጠየቁ፤ ሕዝቡም አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲያይ አንገቱ ዛለ።

ፊታውራሪ በመጨረሻ ታክቷቸው “መሐላው የእኔ ነው፤ ባፈርሰውስ ማን ይጠይቀኛል?” አሉ። ዳኛው እንደ መስማማት ቃጣቸው። “አንተስ ምን ትላለህ?” አሉት አያ ቢሻውን።

«እኔማ ምን እላለሁ፤ ደጃዝማች ውብነህ ይጠየቁ እንጂ። የሚሞቱት እሳቸው ናቸው።»

ዳኛው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ነገሩ ደጃዝማች እስኪመጡ ይቆይ ብለው፣ የሰማቸው ሰው መኖር አለመኖሩን ዙሪያቸውን እያዩ በፍጥነት ወረዱ።

፱

ፊታውራሪ ግን የበቀል ሰው ናቸው። “እኔ አልነካውም። ዙሪያውን ቆፍሩ፤ አጥሩ ድረስ ቆፍሩ። ያን ጊዜ ራሱ ይወርዳል” አሉ። እግረ መንገዱንም ሜዳው ይሰፋል ብለው ተጽናኑ። ቆፋሪው ቆፈረ። ሜዳው በሰፋ ቁጥር ዝቅ አለ፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ “ትንሽ ይስፋ” ይባላል። ከጓሮ በኩል ወደ ምንጩ የምትሄደውን የአንጓችን መንገድ ግን አንድም ቆፋሪ ዶማ አላሳረፈባትም። ማንም ሳያዝዛቸው እንደ ድልድይ ትተዋት አለፉ። አንጓች ማሰሮዋን አዝላ እንደ ድሮዋ ትመላለስባታለች፤ ግራና ቀኟ ገደል መሆኑን የነገራት ሰው የለም ይላሉ።

ፋሲካ ደረሰ። ደጃዝማች ውብነህ ከነሠራዊታቸው መጡ። ፊታውራሪ አዳራሽ ስላልነበራቸው ሜዳው ላይ ድንኳን ተክለው ተቀበሏቸው። ደጃዝማች በቅሏቸው ላይ ሆነው ዙሪያውን ቃኙ። ሰፊ፣ እንደ ምጣድ የተስተካከለ ሜዳ ነው። መሀሉ ላይ ጉልላት የመሰለ የዐፈር ግንብ ቆሟል። ከግንቡ አናት ጎጆ አለች፤ ጭስ ይወጣባታል። ደጃፏ ላይ አንድ ሽማግሌ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ ከአጠገቡ አንዲት ሴት ጥጥ ትፈትላለች። ዝንጀሮዎቹም ወንበራቸው ተቆርጦ ቢያልቅባቸው ከጎጆው አጥር ሥር ተደርድረዋል።

“ይግዛው፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ እቀበልዎታለሁ ብለህ ልከህብኝ አልነበረም?” አሉ ደጃዝማች።

ፊታውራሪ እየተንተባተቡ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገሯቸው። ደጃዝማች ሰምተው ጠየቁ፦ “በማን ሞት ነው የማልከው?”

“በእርስዎ፣ ጌታዬ።”

“ከጎጆዋ ሥር ያለው መሬት ተስተካክሏል?”

“አልተስተካከለም፣ ጌታዬ።”

“እንግዲያው ጎጆዋ ባለችበት ትኑር። እኔም ገና መሞት አላሰኘኝም።”

ሕዝቡ እልል አለ። አንጓች እንዝርቷን ከጭኗ ላይ ጣለችው። ፊታውራሪ ይግዛው ግን ፊታቸው ዐመድ መሰለ። አዳራሹ ቀርቷል፤ ኮረብታው ቀርቷል፤ የዓመት ድካማቸው ቀርቷል። አንድ የቀራቸው ነገር ወግ ነው፦ በዚያ አገር ሎሌ ከጌታው በላይ አይቀመጥም፤ የተቀመጠ ጀርባው ይገረፋል፣ ካገሩም ይባረራል። ለዚህ ደግሞ መሐላ የለም፣ ገበቴ የለም። ከግንቡ ሥር ሄደው ቆሙ። ቀና ቢሉ የአያ ቢሻው ባዶ እግር ከራሳቸው በላይ ይወዛወዛል። አብዝተው ቀና ሲሉ ባርኔጣቸው ከራሳቸው ላይ ወደቀ።

“አንተ ሰው፣ ጌታህ ከታች ቆሞ አንተ ከራሱ በላይ የምትቀመጠው በማን ሥልጣን ነው? ማነው እዚያ ላይ ያወጣህ?”

ደጃዝማችም ይህንን ወግ ሊሽሩ አይችሉምና መልሱን ጠበቁ። አንጓች በዳበሳ የባሏን እጅጌ ፈልጋ ያዘች። አያ ቢሻው እግሩን ሰብስቦ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከወገቡ ጎንበስ አለ።

«ጌታዬ፣ እኔስ እንደ ጥንቴ ከደጄ ነኝ። የወረዱት እርስዎ ነዎት።»